የሞዴል ባቡር ማያያዣ ዘይት አይፈልግም

ጥያቄ፦ «የኤች ኦ መጠን ያላቸው 22 ፉርጎዎችና ሁለት ሎኮሞቲቮች አሉን። የ12 ዓመት ልጄና እኔ ምድር ቤት ውስጥ ሐዲድ ዘርግተን እናንቀሳቅሳቸዋለን። ማያያዣዎቹ በሙሉ ባለ መንጋጋ ናቸው፤ አብዛኞቹ የብረት፣ ጥቂቶቹ የፕላስቲክ። ባለፈው መስከረም እንዲለሰልሱ ብዬ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አደረግሁባቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል በጣም ጥሩ ሆኑ። አሁን ግን ግማሾቹ መንጋጋቸው ተከፍቶ ይቀራል፤ ሐዲዱ መካከል ባለው የማላቀቂያ ማግኔት ላይ ሳቆማቸው አይላቀቁም፤ ኩርባው ላይ ደግሞ ሳይጠሩ ይለያያሉ። የተሻለው ዘይት የትኛው ነው? በየስንት ጊዜውስ ልቀባ?»

መልስ፦

ምንም ዓይነት ዘይት አይቀቡ። ርካሹንም፣ ውዱንም፣ ለሞዴል ባቡር ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውንም አይቀቡ። የዚያ ጠርሙስ ቦታው የሎኮሞቲቩ ሞተርና ማርሽ ነው። የገጠመዎት ችግር ዘይቱ ስላነሰ ወይም ጥራት ስለጎደለው የመጣ አይደለም፤ ዘይቱ ራሱ ያመጣው ነው። ደግነቱ ከሞላ ጎደል የተበላሸ ዕቃ የለም። ሁለት ቅዳሜ ከልጅዎ ጋር ቢቀመጡበት ፉርጎዎቹ ወደ ቀድሞ ጤናቸው ይመለሳሉ።

እነዚህን ትንንሽ ማያያዣዎች ስፈታና ስገጥም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዘይት የተቀባ ማያያዣ፣ አንገቱን የሚይዘው ከፉርጎው ሥር ያለው ትንሽ ሣጥን ሲከፈት ምን እንደሚገኝበት ሳላየው መናገር እችላለሁ። ክዳኑ ሲነሣ ከሥሩ ሙጫ የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ አለ። በወረንጦ ሲይዙት ክር እየጎተተ ይመጣል፤ ከምንጣፍ የተነቀለ ቃጫ፣ ፀጉር፣ ከልብስ የረገፈ ብናኝ፣ ከሐዲዱ ሥር ከተነሰነሰው ጠጠር የወጣ ዱቄት አለበት። በመስከረም ያዩት ጥሩ ሁለት ሳምንት ዘይቱ ይህን ሁሉ እስኪሰበስብ ድረስ የቆየበት ጊዜ ነው።

ከዚህ ጋር ሌላም ነገር አለ። ኤች ኦ ማለት ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ዕቃው 87 ጊዜ ሲያንስ የዘይት መጣበቅ ግን አብሮ አያንስም። በእውነተኛ ማያያዣ ላይ ቀጭን የዘይት ሽፋን ከምንም አይቆጠርም። በእርስዎ ፉርጎ ላይ ግን መንጋጋውን የሚመልሰው ሞላ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ሽቦ ነው፤ ያ ሞላ በሁለት ጠፍጣፋ ገጾች መካከል የተያዘ ዘይት ማላቀቅ ያቅተዋል። ሁለት እርጥብ የመስታወት ቁራጮች ተጣብቀው አንለያይም ሲሉ አይተው ይሆናል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ያው ነው። ዘይቱ እያደር ሲወፍር ደግሞ ይብስበታል። የተረፈው ወደ መንኮራኩርና ወደ ሐዲድ ይወርዳል፤ ሎኮሞቲቩ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከሐዲዱ ስለሆነ ባቡሩ መንገድ ላይ መንተፋተፍ ይጀምራል። ከነዳጅ የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ፉርጎው የተሠራበትን ፕላስቲክ ራሱን ያዳክማሉ።

የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ ከገባን ጽዳቱ ይቀልለናል። የዚህ ማያያዣ አባት ኢላይ ጃኒ ይባላል፤ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ሠራተኛ ነበር። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ከእርሱ በፊት የአሜሪካ ፉርጎዎች የሚያያዙት በቀለበትና በካስማ ነበር፤ ሠራተኛው በሁለት ፉርጎዎች መካከል ቆሞ ካስማውን በእጁ ይሰካ ነበር። ስንቱ ጣቱን፣ ስንቱ እጁን፣ ስንቱም ሕይወቱን አጥቶበታል። የጃኒን ሐሳብ ለማየት የሁለቱን እጆችዎን አራት አራት ጣቶች አጥፈው አንዱን በሌላው ያቆላልፉ፤ ማያያዣው ይኸው ነው። ፉርጎዎቹ ሲጋጩ መንጋጋዎቹ በራሳቸው ይቆላለፋሉ፤ በመካከላቸው መቆም የሚያስፈልገው ሰው የለም። በ1893 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በራሱ የሚያያዝ ማያያዣን በባቡር ኩባንያዎች ላይ ግዴታ አደረገ። ይህን ታሪክ ለልጅዎ ይንገሩት፤ በጣቱ የያዘው ትንሽ ብረት ስንት የሰው ጣት እንዳተረፈ ሲያውቅ አያያዙ ይለወጣል።

ሞዴሉን ለዚህ ያበቁት ደግሞ በኦሪገን የኖሩ ኪትና ዴል ኤድዋርድስ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ «ኬዲ» የሚለው የማያያዣው ስም የሁለቱ ስሞች መነሻ ፊደላት ነው። የእነርሱ ማያያዣና እርሱን ተከትለው የመጡት ሁሉ ሁለት እንቅስቃሴ አላቸው። አንደኛው የመንጋጋው ነው፤ ተከፍቶ በትንሽ ጥምዝ ሞላ ይዘጋል። ሁለተኛው የአንገቱ ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወዛውዞ በሌላ ሞላ ወደ መካከል ይመለሳል። ከታች የተንጠለጠለው የተቆለመመ የብረት ጭራ የእውነተኛውን ባቡር የፍሬን አየር ቱቦ ይመስላል፤ ሥራው ግን የማግኔቱን ጥሪ መስማት ነው። ባቡሩ ማግኔቱ ላይ ቆሞ፣ ሎኮሞቲቩ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ውጥረቱ ሲላላ፣ ማግኔቱ አንዱን ጭራ ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ ይስባል፤ መንጋጋዎቹ ይከፈታሉ። እንግዲህ የእርስዎ አንገቶች በዝቃጭ ተይዘው ወደ ጎን መሄድ ካልቻሉ ማግኔቱ ምንም ያህል ቢጎትት መላቀቅ አይኖርም። መንጋጋው ተከፍቶ የሚቀረውም ሞላው ስለደከመ ሳይሆን ዘይቱ ስለያዘው ነው። ሁለቱም ምልክቶች ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። ኩርባው ላይ መለያየታቸው ግን ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ፉርጎውን ለስላሳ ፎጣ ላይ ገልብጠው ያስተኙ። የሣጥኑን ክዳን የያዘችውን ትንሽ ቪቴ በልኳ በሆነ ካቻቪቴ ይፍቱ፤ የሚበልጥ ካቻቪቴ አናቷን ይበላዋል። ከመፍታትዎ በፊት ግን ፉርጎውንም እጅዎንም ሰፊና ጥርት ያለ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያስገቡ። ሞላ ከሣጥን ሲዘል ዓይን አይከተለውም፤ ምንጣፍ ላይ የወደቀ ሞላ ደግሞ አይገኝም። ከከረጢት ግን አያመልጥም። ክዳኑ እንደተነሣ የሞላውን አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ኬዲ ቁጥር 5 በሚባለው በብዛት በሚገኘው ዓይነት የመመለሻው ሞላ ራሱን የቻለ ስስ የነሐስ ቁራጭ ነው፤ ገልብጦ መግጠም ቀላል ስለሆነ ፎቶው ያስፈልግዎታል። ቁጥር 148 በሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ሞላው እንደ ድመት ጢም ከአንገቱ ግራና ቀኝ የወጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው፤ ከማያያዣው ጋር አብሮ ስለሚወጣ አይጠፋም፣ አቀማመጡም አያደናግርም። ለጀማሪ ሁልጊዜ የምመክረው ይህን ነው።

የብረቶቹን ማያያዣዎች ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ይዘፍዝፏቸው። ከዚያ በአሮጌ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ መንጋጋውን እየከፈቱና እየዘጉ ይቦርሹ፤ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ፤ በመጨረሻ በአልኮል ያርሱትና ጨርቅ ላይ ዘርግተው ይደሩ። አልኮሉ የቀረውን ቅባት ያነሣል፣ ውኃውንም ይዞ ይተናል። ይህ ለጭራው አስፈላጊ ነው፤ ጭራው ብረት ስለሆነ እርጥበት ከቆየበት ይዝጋል። በአልኮል ሲሠሩ መስኮት ይክፈቱ፣ ከእሳትም ያርቁት። በፉርጎው ላይ የቀረውን ሣጥን በውኃ አይንከሩ፤ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ውስጡን መጥረግ ይበቃል። ጥጡ የፉርጎውን ጎን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ ሞዴሎች የተቀቡበት ቀለም በአልኮል ይለቃል፤ አንዲት ጠብታ ግማሽ ፊደል ይዛ ትሄዳለች።

ከደረቀ በኋላ ማለስለሻ ለመጨመር አይቸኩሉ። ማያያዣውን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። በአንገቱ ላይና ታች፣ ብረቱ ከተጣለበት ቅርጽ የቀረች ቀጭን ትርፍ ጠርዝ ካለች በጥሩ ሞረድ ወይም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ይዳስሷት። የሣጥኑንም ወለል እንደዚያው። ልምዴ የሚለኝን ልንገርዎት፦ «ማለስለሻ ያስፈልገዋል» ተብለው ወደ እኔ ከመጡት ማያያዣዎች አብዛኞቹ የፈለጉት ጽዳትና ይህን አንድ ደቂቃ የሞረድ ሥራ ብቻ ነበር። ቀጥሎም ባዶውን፣ ምንም ሳይቀቡ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስገብተው ይሞክሩት። በጥፍርዎ ወደ ጎን ገፍተው ሲለቁት ጥርት ብሎ ወደ መካከል ከተመለሰ ምንም አይጨምሩበት፤ ይዝጉትና ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

እየተጎተተ ከተመለሰ ብቻ ደረቅ ማለስለሻ ይገባል፤ ይኸውም ግራፋይት ነው። ግራፋይት እርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው፤ ስስ ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ ደርቆ ያለሰልሳል፣ አቧራም አይዝም። ኬዲ ለዚሁ የሚሸጠው ትንሽ የግራፋይት ቱቦ አለ፤ ለቁልፍ ጉድጓድ የሚሸጠው ንጹሕ የግራፋይት ዱቄትም፣ ዘይት እስካልተቀላቀለበት ድረስ ያው ሥራ ይሠራል። ለስላሳ እርሳስም ይሆናል፤ የሣጥኑን ወለል፣ የክዳኑን ውስጥና የአንገቱን ሁለት ገጽ በ4ቢ እርሳስ ማጥቆር ለብዙ ወራት ይበቃል። ጠንካራው እርሳስ ሸክላ ስለሚበዛበት አይመረጥም። ዱቄቱን ከተጠቀሙ ግን ከቱቦው በቀጥታ አይጫኑበት፤ ጢስ ሆኖ ጠረጴዛውን ይሞላል። ወረቀት ላይ ጥቂት አውጥተው የጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ጫፍ ይንኩበት፤ ስንጥሩ ላይ የተጣበቀው ያ ብናኝ ለአንድ አንገት ይበቃል። ለመንጋጋው ማጠፊያ ደግሞ የዚያ ግማሽ። ከዚያ ማያያዣውን ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት፤ የተረፈውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ዱቄቱ ወደ ሳንባ እንዳይገባ በአፍዎ አይንፉት።

ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በተራ ፉርጎ ላይ ይህ ችግር የለውም፤ ውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ካለው ሎኮሞቲቭ አጠገብ ግን አልረጨውም። እዚያ ከመጥበሻ የምናውቀውን ቴፍሎን በዱቄት መልክ እጠቀማለሁ፤ ነጭ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

የሣጥኑን ክዳን ሲመልሱ ቪቴዋን ጥብቅ አድርገው አያስሯት። እኔ እንደማየው ከዘይት ቀጥሎ ማያያዣን የሚያስር ስሕተት ይህ ነው። ክዳኑ ትንሽ ሲጎብጥ አንገቱን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ባለቤቱም «ደርቋል» ብሎ ወደ ዘይት ይሄዳል። ቪቴዋ እስክትቆም ያዙሯት፤ ማያያዣውን በጥፍር ይፈትኑ፤ ከዘገየ ሩብ ዙር ይመልሷት። የመንጋጋውም ጥምዝ ሞላ ወልቆ ካገኙት አዲስ ይገዛል፤ ሞላዎቹ ለብቻቸው ይሸጣሉ። ሲገጥሙት በወረንጦ ጫፉን አይጨብጡ፣ ይዘላል። የስለታም ቀጭን ቢላዋ ጫፍ በጥምዞቹ መካከል ይሰኩ፤ አንዱን ጫፍ ቦታው ላይ ያስቀምጡ፤ ሌላውን ገፍተው ያስገቡ፤ ከዚያ ቢላዋውን በቀስታ ያውጡ። ቀጭን ክር በሞላው ውስጥ አሳልፎ መያዝም ይጠቅማል፤ ቢዘል ክሩ ያስቀረዋል፣ ሲገባ ክሩን መዝዘው ያወጡታል። ይህን ሥራ ለልጅዎ ይተዉለት፤ የ12 ዓመት ልጅ ዓይንና ጣት ከእኛ ይሻላል።

ወደ ኩርባው ልመለስ። ባቡር ሲለያይ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ሁልጊዜ የሚለያየው አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ አንድ ፉርጎ ላይ? ቦታው አንድ ከሆነ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ከፍታ ወይም ዝቅታ አለ። ፉርጎው አንድ ከሆነ ጥፋቱ የማያያዣው ከፍታ ነው። በኤች ኦ የማያያዣው መካከል ከሐዲዱ አናት 9.9 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በአሜሪካ መለኪያ 25/64 ኢንች ከፍ ማለት አለበት። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም። ሐዲዱ ላይ የሚቀመጥ የከፍታ መለኪያ ይሸጣል፤ ከዚህ ሁሉ ምክር አንድ ዕቃ ብቻ ቢገዙ ይህን ይግዙ። ፉርጎውን ወደ መለኪያው ያስጠጉት፤ መንጋጋዎቹ አናታቸው እኩል ካልሆነ አንዱ ከሌላው በላይ እየተንሸራተተ ይወጣል ማለት ነው። ዝቅ ያለውን ለማንሣት በፉርጎው ወለልና መንኮራኩሮቹን በያዘው ቦጊ መካከል ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላት ስስ ሮንዴላ ያስገቡ። በጣም ረጅም የመንገደኛ ፉርጎ በጠባብ ኩርባ ላይ ከሆነ ግን ከፍታ ብቻውን አይፈታውም፤ ጫፉ ከሐዲዱ ውጭ ስለሚወጣ አንገቱ ረጅም የሆነ ማያያዣ ይፈልጋል።

ያው መለኪያ የጭራውንም ከፍታ ያሳያል። ጭራው ከሐዲዱ አናት 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከዚያ ካነሰ የሐዲድ መገንጠያው ላይ እየተጠለፈ ፉርጎውን ከመስመር ያወጣል፤ ከበዛ ማግኔቱ አይደርስበትም። ጭራውን በተራ ፒንሳ አይቆልምሙት፤ ጉልበቱ መንጋጋውን ያጣምመዋል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ፒንሳ አለ። ያ ከሌለ ማያያዣውን ከፉርጎው አውጥተው፣ የጭራውን ሥር በአንድ ፒንሳ አጥብቀው ይዘው፣ ጫፉን በሌላ ቀስ ብለው ይቅረጹት።

የፕላስቲኮቹ ነገር ለብቻው ነው። አንዳንዶቹ ሞላቸው ራሱ ከፕላስቲክ የተቀረጸ ስስ ጣት ነው። ወደ አንድ ጎን ተጭኖ ሲቀመጥ ያን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ያረጀውን ፕላስቲክ የሚያነቃ ማለስለሻ የለም። በሳሙና ውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ በጥፍር ፈትነው ካልተመለሱ ጊዜዎን አያባክኑባቸው፤ በብረት ይተኳቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ወጪ ከሆነ በየወሩ ሁለት ሁለት ፉርጎ ያድርጉ፤ ከሎኮሞቲቩ ቅርብ ከሚሆኑት ይጀምሩ፤ የባቡሩን ሁሉ ክብደት የሚጎትቱት እነርሱ ናቸውና።

በየስንት ጊዜው ላሉኝ፣ በቀን መቁጠሪያ የሚቀባ ማያያዣ የለም። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ሁሉንም በጥፍር ይፈትኑ፤ የሚዘገየውን ብቻ ይክፈቱ። በማይጫወቱበት ጊዜ ሐዲዱን በስስ አንሶላ ይሸፍኑ። ምድር ቤቱ ምንጣፍ ካለው ከመሸፈኑ በፊት ጠርገው አቧራው እስኪሰክን ይጠብቁ። ያ ዘይት የወረደባቸውን መንኮራኩሮችና ሐዲዱንም በዚሁ ቅዳሜ በአልኮል ይጥረጉ፤ አለዚያ የታጠቡት ማያያዣዎች ከሥራቸው ባለው ቅባት እንደገና ይቆሽሻሉ። መጀመሪያ ግን አሁኑኑ፣ ምንም ሳይፈቱ፣ ባቡሩን በጣም በዝግታ አንድ ዙር ያስኬዱትና የሚለያዩትን ፉርጎዎች ቁጥርና ቦታ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ካጸዱ በኋላ ያንኑ ዙር ይድገሙት። ከዝርዝሩ ያልተሰረዘ ፉርጎ ካለ መለኪያው የሚለውን ከፍታ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ስንት ሮንዴላ እንደሚያስፈልገው እነግርዎታለሁ።